በዲናሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት

ወሬው የደረሰኝ ቀን ሱፍ እያጠብን ነበር። ጎረቤቴ ሩፋ፣ ዓሣ ሻጯ፣ እጇ እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለ ሠርግ ታወራኛለች። የዘመዳችን ልጅ ሠርግ ነበር፤ ለሱ ብሎ የአክስቴ ልጅ ፊሌሮስ፣ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ቀራጩ፣ ከሮም ድረስ መጥቶ እኔ ቤት አርፏል። ከጦር የተመለሰ አንድ ወታደር ደጃፋችን ላይ ቆመና "የኑሜሪዮስ እናት የትኛችሁ ናችሁ?" አለ።

ሩፋ ቀና ብላ "ደግሞ ምን አጠፋ?" አለችው። ልጄን ከተማችን ፓርማ የሚያውቀው በጥፋቱ ነው። የሰው ፍየል ጣሪያ ላይ አውጥቶ "መብረር ተማረች" የሚል፣ የማይችለውን ዘፈን ከሚችሉት በላይ ጮኾ የሚዘፍን ልጅ ነበር።

ወታደሩ አልሳቀም። "ዳኑብን ሲሻገሩ ጀልባው ተገለበጠ አሉ" አለ። እሱ ራሱ አላየም፤ መንገድ ላይ የሰማውን ነው ያደረሰልኝ። ውሃ ጠጣና ወደ አገሩ ሄደ።

እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ያዩኝ ሩፋና በሩ ሥር ቆሞ የነበረው ፊሌሮስ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ የተጻጻፍነውን እንዳለ እዚህ አኖራለሁ። ፊሌሮስ እኔ የላክሁለትን መልሶ ስላመጣልኝ ሁሉም በእጄ ነው። አጻጻፌ ዝግ ያለ ነው፤ አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ በሱፍ ጆንያ ላይ የገዢ ስም እንድጽፍለት ብሎ ነበርና ከዚያ ብዙም አልራቅሁም።

*

ፓርማ፣ ስንዴው ታጭዶ ባለቀ ሰሞን

ለወንድምዓለም ለፊሌሮስ፣ ከእህትህ ከቪቢያ።

የቤትህ አማልክት እሳትህን አያጥፉብህ፤ ሚስትህን ሎሊያን ከነሳቋ ያቆዩልኝ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

የምጽፍልህ ስለ መቃብር ነው። ኑሜሪዮስ ለጦር ሳይሄድ በፊት እድር አስገብቼው እንደነበር ታውቃለህ። ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ባርባቶስ ሄጄ "ቦታውን ስጡኝ፤ ባዶም ቢሆን መቃብር ልሥራለት፤ ስሙን እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ጠርቼ ላሳርፈው" አልኳቸው።

"ሬሳው የታለ?" አሉኝ።

"ወንዝ ወሰደው።"

"ማን አየ?"

"ሰዎች አዩ።"

"ሰዎች ማለት እነማን? የእድራችን ሕግ ከአገር ውጭ ለሞተ ሰው ሁለት ምስክር ከነማኅተማቸው ይላል። አለዚያማ ሚስቱን የጠላ ሁሉ 'ወንዝ ወሰደኝ' እያለ ይቀበርልናል።" ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ለኔ ያዘኑ መስሏቸው፣ "ልጅሽ ነገረኛ ነበር ቪቢያ። ማን ያውቃል፣ ከወንዙ ማዶ አንዷን ወዶ ቀርቶ ቢሆንስ?" አሉኝ።

ፊሌሮስ፣ ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እናቱ ነኝ፤ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ሰው አፍ ላይ "ቢሆንስ" ካለ በር በተንኳኳ ቁጥር እነሳለሁ። መቃብር የሌለው ሰው ነፍሱ ወንዝ ለወንዝ ስትንከራተት ትኖራለች ይባላል፤ እኔ እዚህ ቤት ውስጥ፣ እሱ እዚያ ውሃ ዳር፣ ሁለታችንም ማረፊያ አጣን።

ሮም ለድሉ ሰልፍ ወታደር ይጎርፋል አሉ። በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች ፈልግልኝ፤ ማኅተማቸውን ያኑሩልኝ። በክረምቱ መጨረሻ የሙታን ሳምንት ሳይገባ እንዲደርስልኝ እለምንሃለሁ። ያን ሳምንት ሰው ሁሉ አበባና ዳቦ ይዞ ወደ ሙታኑ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ወዴት እሄዳለሁ?

*

ሮም፣ የወይን ለቀማ ጊዜ

ለእታለም ለቪቢያ፣ ከታናሽሽ ከፊሌሮስ።

አማልክት ጤናሽን ይጠብቁልኝ፣ እጅሽን ከቀለም፣ ጆሮሽን ከጋሽ ባርባቶስ ያድኑልኝ። ሎሊያ ትስምሻለች። የሰጠሽኝን አይብ ለሷ ሳላደርስ መንገድ ላይ ጨርሼው ነበርና ምን እንደደረሰብኝ አልነግርሽም።

የጠየቅሽኝን ይዤ ሠፈር ለሠፈር ዞርኩ። የኑሜሪዮስ ሌጌዎን ገና ዳኑብ ዳር ነው፤ ወደ ሮም የገቡት ሌሎቹ ናቸው። አንድ መቶ አለቃ ነኝ ባይ መሸታ ቤት አግኝቼ ስለ ጀልባው ጠየቅኩት። "ለአንድ ገንቦ ወይን የፈለግኸውን አይቻለሁ፤ ሁለት ካደረግህማ እናቴም ሞታለች ብዬ አትምልሃለሁ" አለኝ። እናቱ አጠገቡ ሆና ወይን ትቀዳለች! አንቺ የውሸት ማኅተም አትቀበይም ብዬ ተውኩት። ትቀበይ እንደሁ ንገሪኝ፤ ሰውየው የትም አይሄድም።

እኛ ማተሚያ ቤት ሥራው በዝቷል። ድሉን በብር ላይ አውጡ ተብሎ ከላይ ታዟል። ባንዱ ፊት የቄሣር መልክ ነው፤ በሌላው ፊት የሚሆነውን ለየቀራጩ አከፋፈሉን። ለኔ የደረሰችኝ ኑሜሪዮስ የዘመተባት፣ የተሸነፈችዋ ዳኪያ ናት። አገሯን በሴት አምሳል አድርግና ጋሻ ላይ አስቀምጣት፣ ታልቅስ፣ አጠገቧም የጠላት ጥሩር የተሰቀለበት የድል ግንድ አቁም አሉኝ። ይህ ሁሉ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ! እኔ ደግሞ የዳኪያን ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ሳልረሳው፦ ስትቀመጪ ጉንጭሽን የምትደግፊው በግራ እጅሽ ነው ወይስ በቀኝ? ሎሊያ በቀኝ ነው ትላለች፤ እኔ በግራ ነው አልኳት። ተከራክረን ነው።

*

ፓርማ፣ ወይኑ በተጠመቀ ማግስት

ለፊሌሮስ።

ከነቤትህ በደህና ያቆይህ። የውሸት ማኅተም አልፈልግም። ኑሜሪዮስ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ኖሯል፤ መቃብሩ እንኳ እውነት ይሁንለት።

በግራ ነው። ልጆች ሳለን ቀኝ ክርኔን የቀለም ጋን እንዳቃጠለኝ፣ የገፋኸኝም አንተ እንደሆንክ ረሳህ? ግን ይህ ምን ያደርግልሃል? እኔ ስለ ምስክር እጽፍልሃለሁ፤ አንተ ስለ ጉንጭ ትጽፍልኛለህ።

ለሎሊያ የሱፍ ካባ ልኬያለሁ። አይበላምና መንገድ ላይ አታጠፋውም።

*

ሮም፣ የሳተርን በዓል በገባ ቀን

ለምወድሽና ለምፈራሽ እታለም ለቪቢያ።

በዓሉን በደስታ ያሳልፍልሽ፤ በቤትሽ ሻማ አይጥፋ። ይህን ያህል ዘግይቼ መጻፌን አንቺም ታዝበሽዋል፣ ሎሊያም በየቀኑ ትነግረኛለች። ካባው ልክ ሆኗታል፤ ቤት ውስጥም አታወልቀውም፤ ንግሥት ያገባሁ መስሎኛል።

በበዓሉ ወግ ጌታ አሽከር፣ አሽከር ጌታ ሆኖ ዋልን። የማተሚያ ቤታችን አለቃ ወገቡን ታጥቆ እኛን ያሳልፍ ነበር። የአሳማ ወጡን ጭኔ ላይ ደፋብኝ። "ይህን አሽከር ሽጡልኝ!" ብዬ ስጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ግን ነገ ጌታ መሆኑን በሚያስታውስ ሳቅ።

ምስክር እስካሁን አላገኘሁም። እየፈለግሁ ነው።

አዲሱ ዲናር ወጥቷል። ፓርማ ከደረሰ ብዙ አትመልከቺው። አዲስ ብር ዓይን ያጠፋል ይላሉ ሐኪሞች። በተለይ ሩፋ እንዳታየው፤ የሷ ዓይን ድሮም ደካማ ነው።

*

ፓርማ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን

አንተ ፊሌሮስ!

ሰላምታውን ከታች አኖረዋለሁ፤ መጀመሪያ ስድቡን ተቀበል።

ትናንት ገበያ ላይ አንድ ጡረተኛ ወታደር ከሩፋ ዓሣ ገዝቶ በአዲስ ዲናር ከፈለ። ሩፋ እንደ ልማዷ ነከሰችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ገበያው እስኪሰማ ጮኸች።

"ቪቢያ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሱፍ እሸጣለሁ፣ ምን ልሥራ?"

"እዚያ ሳይሆን እዚህ! ዲናሩ ላይ!"

ሄጄ አየሁ። "ይህች ሴት እኮ ፊት እንኳ የላትም፤ የገብስ ፍሬ የምታህል ናት" አልኳት።

"ፊቱን ማን ፈለገው! በግራ እጇ የተደገፈች፣ ሻሿን ማጅራቷ ላይ እንደ ጆንያ አፍ የቋጠረች፣ አንድ እግሯን እንደ ዶሮ ከሥሯ የሸጎጠች ሴት ፓርማ ውስጥ ካንቺ ሌላ አለች? ያን ዕለት አጠገብሽ አልነበርኩም?"

ዳቦ ጋጋሪው ዲናሩን ከእጇ ቀምቶ ወደ ብርሃን አነሳና "ሰዎች፣ ፓርማ ተማረከች!" ብሎ አወጀ። ከዚያማ ገበያው ሁሉ መጣ። "ቆሚ እስቲ፣ ተቀመጪ እስቲ፣ ዙሪ እስቲ።" አንዱ ሽማግሌ "ቄሣር ትልቅ ሰው ናቸው፤ ባሏ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ ያልቻላትን ቪቢያን ድል አደረጓት" አለ።

ሳቅኩ፣ ፊሌሮስ። ወሬው ከደረሰኝ ወዲህ መሳቄ የመጀመሪያ ነው። ሆዴን ይዤ፣ የሩፋን የዓሣ ቅርጫት ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪፈስ።

ቤቴ ስገባ ግን ደሜ ፈላ። እኔ የድል አድራጊ እናት አይደለሁም? ልጄ ለሮም ብሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲቀር አንተ እኔን የጠላት ምርኮኛ አድርገህ ከግንድ ሥር ታስቀምጠኛለህ? በየሰዉ ቦርሳ፣ በየመሸታ ቤቱ? ደግሞ ስለ ጉንጭ ትጠይቀኛለህ፤ ደግሞ ብር ዓይን ያጠፋል ትለኛለህ!

ከዚያ ኑሜሪዮስ ቢያየው ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። ዲናሩን በስቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመሸታ ቤት መሸታ ቤት "እናቴን አትመንዝሯት" እያለ በነፃ ይጠጣበት ነበር። ይህን ሳስብ እንደገና ሳቅኩ። ምን እንደምሆን ለራሴም ግራ ገባኝ።

እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ሰላም ላንተና ለሎሊያ ይሁን። ይኸው ሰላምታው።

*

ሮም፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት

እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ ማለት አሁን ለኔ ነው የሚያስፈልገው፤ ሎሊያ ደብዳቤሽን ጮክ ብላ አነበበችልኝና ስትስቅ ከወንበሯ ወደቀች።

የሆነውን ልንገርሽ። ትእዛዙ የደረሰኝ ከፓርማ በተመለስኩ ሰሞን ነው። የሚያለቅስ ሰው ቅረጽ ሲሉኝ እጄ ሳያማክረኝ አንቺን ጀመረ። ዲናር በሚታተምበት ብረት ላይ ሁሉም በተቃራኒ ነው የሚቀረጸው፤ ዲናሩ ላይ ግራ የሚሆነው ብረቱ ላይ ቀኝ ነው፤ ግራ ቀኙ የጠፋብኝና አንቺን የጠየቅሁሽ ለዚህ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን አፈርኩ። ልክ አሁን እንዳልሽው አልኩ፤ የድል አድራጊ እናት እንዴት ይህች ትሆናለች? ፍቄ ጣልኩትና እውነተኛዋን የዳኪያ ሴት ልይ ብዬ ምርኮኞቹ ለሰልፍ ወደሚጠበቁበት እዚሁ ሮም ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋዘን ሄድኩ።

እታለም፣ ከግድግዳው ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አየሁ። ግራ እጇ ጉንጯ ላይ ነው። አንድ እግሯ ከሥሯ ተሸጉጧል። ከደጃፍሽ አንስተው ያመጡሽ መስሎኝ ስምሽን ልጠራ ምንም አልቀረኝ።

ጠባቂውን "ምን ሆና ነው?" አልኩት።

"ወንዶች ልጆቿን ነዋ። ስንት እንደነበሩ እንጃ። ስማቸውን ስትጠራ ነው የምትውለው፤ እኛም ለመድነው" አለኝ።

ተመልሼ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ የቀረጸው አንቺን ይሁን እሷን ዛሬም አላውቅም። ሻሹ ያንቺ ነው፤ እሱን አልክድም። ሌላውን ልለያችሁ ሞክሬ አቃተኝ።

አሁን ልለምንሽ። የማተሚያ ቤቱ አለቃ፣ የሮም ዜጋ፣ የሮም ወታደር እናት፣ ምርኮኛ ሆና ተቀረጸች ሲባል ከሰማ ቄሣርን ዘለፍክ ብሎ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይልከኛል። እባክሽ ወሬውን እዚያው ፓርማ ቅበሪልኝ። ለሩፋ አፏን የሚዘጋ ነገር ስጪያት፤ ካለ።

*

ፓርማ፣ የሙታን ሳምንት ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት

ለወንድምዓለም ለፊሌሮስ፣ ይቅርታህን ከምትለምን ከእህትህ።

ወሬውን አልቀበርኩትም። ልጄን ልቀብር ብዬ አወጣሁት።

ያንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምቀመጥ ደግሞ አሁን አውቀዋለሁና በተቀመጥኩ ቁጥር ያቺ አሮጊት ትታየኛለች። ምስክር እንደማታገኝልኝ ገባኝ። ሌጌዎኑ ገና አልገባም ከማለት በቀር ያላገኘህበትን ምክንያት አልጻፍክልኝም፤ ግን ከኑሜሪዮስ ጋር ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ አብረውት እንደሄዱ ከዝምታህ አነበብኩት። ስለዚህ ያለኝን ይዤ እድሩ በተሰበሰበበት ገባሁ።

"ምስክሮቼን ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ።

"የታሉ?" አሉ ጋሽ ባርባቶስ።

ዲናሩን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።

"ይህ ምንድን ነው? ጉቦ በአደባባይ?" አሉና ሰው ሳቀ።

"ያንሱትና ይዩት። ምን ይታያል?"

"ቄሣር ናቸዋ።"

"የቄሣር መልክ ማኅተም ነው ወይስ አይደለም?"

"ከማኅተም ሁሉ በላይ ነው እንጂ! ምን ማለትሽ ነው?"

"እንግዲያው ያዙሩት።"

ዞር አደረጉት። "ሴት አለች። ታለቅሳለች።"

"ማን ናት?"

እሳቸው ሳይመልሱ ሩፋ ከኋላ "ቪቢያ ናት! እኔ ዓሣ ብሸጥ ዓይኔን አልሸጥኩም!" አለች። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ሽማግሌውም "እሷው ናት፣ እሷው ናት" አሉ።

"ይኸው ሁለት ምስክር" አልኳቸው። "ባንዱ ፊት ቄሣር፣ በሌላው ፊት እናቱ። ማኅተሙም አለበት። ልጇ ያልሞተ ሴት እንዲህ ትቀመጣለች? ወይስ የቄሣር ዲናር ይዋሻል ይሉኛል?"

የቄሣር ዲናር ይዋሻል ብሎ በሰው ፊት የሚናገር የእድር ዳኛ የት አለ? ጋሽ ባርባቶስ ግን ሞኝ አይደሉም። ፊደሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡና "ዳኪያ ተማረከች ይላል" አሉ። "ሴትየዋ አንቺ ከሆንሽ የተሸነፈችው አንቺ ነሽ። ካልሆንሽ ምስክር የለሽም። እዚህ በእድሩ ፊት ምረጪ ቪቢያ። ከድል አድራጊዎቹ እናቶች ነሽ ወይስ ከምርኮኞቹ?"

ፊሌሮስ፣ ባሌ ሞቶ፣ ልጄ ሞቶ የቀረችኝ ያቺ አንዲት ስም ነበረች፤ በመንገድ ሳልፍ "የድል አድራጊ እናት" ብለው ይነሱልኝ ነበር። ከዚያ ያቺ መጋዘን ውስጥ ያለችው ሴት ትዝ አለችኝ፤ እሷም ይህን ጥያቄ የጠየቃት እንደሌለ አሰብኩ።

"ከምርኮኞቹ ነኝ" አልኩ። "እንደዚያ ብላችሁ ጻፉኝ። ቦታውን ግን ስጡኝ።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ባርባቶስ ዲናሩን እያገላበጡ ቆዩ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው "ቦታው ተሰጥቷል። ማስረጃው ግን በእድሩ ሣጥን ይቀመጣል" አሉና ዲናሩን ወደ ሣጥኑ ጣሉት።

"አያችሁት ሌባውን!" ብላ ሩፋ ተነሳች። "የኔ ዲናር እኮ ነው! ዓሣ ሸጬበት!"

እስኪመልሱላት ድረስ የሆነውን ጩኸት አልጽፍልህም። ቤቱን እሷ መልሳ ገበያ አደረገችው። ተቃቅፈን፣ እያነባንም እየሳቅንም ወጣን።

አንተን ግን ለአደጋ አሳልፌ ሰጠሁህ። ለልጄ ስል ነው። ብትቆጣኝ እውነት አለህ።

*

ሮም፣ ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ

ለእታለም፣ ለምርኮኛይቱ።

አማልክት ይጠብቁሽ። አልተቆጣሁም፤ ጊዜም አልነበረኝም። ደብዳቤሽ ሳይደርስ አንድ የፓርማ ሱፍ ነጋዴ ወሬውን ይዞት ሮም ገብቶ ኖሯል፤ አለቃችን ትናንት አስጠራኝ። ሎሊያ ለማዕድን ጉድጓዱ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ደረቅ ዳቦና ያንቺን ካባ። "ብርዱ ይጠናል" አለችኝ። ካባዋን ለኔ ስትሰጥ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ስገባ አለቃው ዲናሩን ይዞ ተቀምጧል። "ይህ ያንተ እጅ ነው?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ከፓርማ የመጣ ሰው በዚህ ዲናር ላይ ሲስቅ ሰማሁ። ለምን እንደሚስቅ ብመለከተው ገባኝ። ምን አድርገሃል?"

"ጌታዬ..."

"ጋሻው! የዳኪያ ጋሻ እንደ ዳቦ ክብ ነው እንዴ? ሞላላ ነው! ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ሁሉ ይስቅብናል!"

"ሴትየዋስ፣ ጌታዬ?" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

"የትኛዋ ሴት?" አለኝ።

ሳቄን ከንፈሬን ነክሼ ይዤው ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ልለቀው ብል ግን አልመጣ አለኝ። ዲናሩን እኮ ደጋግሞ አይቶታል።

ጋሻውን ሞላላ አድርጌያለሁ። ሴትየዋን አልነካኋትም። ስለዚያች አሮጊት ከሰልፉ በኋላ ጠይቄ ነበር፤ ወዴት እንደወሰዷት የሚያውቅ አጣሁ።

እኔና ሎሊያ ለሙታን ሳምንት እንመጣለን። ስንቁ ተቋጥሮ ስለነበር መንገዱ ቀሎልናል።

*

ይህን የመጨረሻውን የምጽፈው መቃብሩ ከተሠራ በኋላ ነው።

በሳምንቱ መካከል፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ከከተማው ውጭ ባለው መንገድ ዳር ወጣን። ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ስሙ አለበት። ወይን፣ ጨው የተነሰነሰበት ዳቦ፣ ሐምራዊ አበባ ይዘናል። ሰው የሚመጣው ጥቂት ነው ብዬ ነበር፤ ገበያው በሙሉ ዘግቶ መጣ። ፍየሏ ጣሪያ ላይ የወጣችበት ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ ያለቅሳል። "እውነት መብረር ተምራ ነበር እኮ" ይላል።

የሙታንን ነፍስ ወንዝ ለሚያሻግረው ጀልባ ቀዛፊ የሚሆን ሳንቲም ድንጋዩ ሥር ይቀመጣል፤ ወጉ መዳብ ነው። ፊሌሮስ በገዛ እጁ የቀረጸውን አንድ ዲናር አወጣ። ጋሽ ባርባቶስ "ብር አይባክንም፤ መዳብ ይበቃል። ያ ቀዛፊ ለዲናር መልስ ከየት ያመጣል?" አሉ።

ሩፋ "ኑሜሪዮስ ነው እኮ የሚሻገረው! መልሱን ካልሰጠኸኝ አልወርድም ብሎ ጀልባው ላይ ይከርማል፤ በዚያ ላይ ይዘፍንበታል። ቀዛፊው ራሱ ጨምሮ ሰጥቶ ያወርደዋል" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ባርባቶስም ሳቁ። ዲናሩን አኖርነው።

ስሙን መጥራት የኔ ነበር። የመጀመሪያውን ጠራሁ፤ ድምፄ ግማሽ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ፊሌሮስ አገዘኝ። ሦስተኛውን የፓርማ ገበያ በሙሉ፣ ዓሣና ዳቦ በሚሸጥበት ጉሮሮው፣ አንድ ላይ ጮኸው። "ኑሜሪዮስ!" ከሜዳው ወፎች ተነሱ። ልጄ በሕይወቱ ከወደደው ጩኸት ሁሉ የበለጠ እሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ተቀምጠን በላን፣ ጠጣን፣ የማይችለውን ዘፈን እኛም ሳንችለው ዘፈንነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ብታውቁንም ባታውቁንም፣ እናት ትለምናችኋለች። ኑሜሪዮስ አፈር አላገኘም፤ ስለዚህ "ውሃው ይቅለልህ፣ በሰላም ተሻገር" በሉልኝ። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በልባችሁም ቢሆን ይሰማል። ትንፋሽ ከተረፋችሁ ደግሞ በዳኑብ ማዶ ለቀሩት ለዚያች አሮጊት ልጆች "አፈሩን ገለባ ያድርግላችሁ" በሉላቸው። እኔ ስማቸውን አላውቅም፤ እናታቸውም የት እንዳለች አላውቅም። "የእናታቸው ልጆች" ብትሉ እነሱ ያውቁታል።